የኬትልቤል ጀግሊንግ እና ከፍ ያለ የኬትልቤል ልምምድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስዊንግ፣ ማለትም ኬትልቤልን (እጀታ ያለው የብረት ኳስ) በታፋ መሀል ወደ ኋላ አስገብቶ በዳሌ ግፊት ወደ ፊት ማወዛወዝ፣ በደንብ የቻለ ሰው ብዙ ጊዜ "አሁንስ ምን ልሥራ?" ይላል። ክብደት መጨመር አንዱ መንገድ ነው። ሌላም አለ። ኬትልቤሉን አየር ላይ ትለቁታላችሁ፣ ይገለበጣል፣ መልሳችሁ ትቀልቡታላችሁ። እዚህ የተሰበሰቡት በዚህ ልምምድ ላይ በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ኬትልቤሉን የሚወረውረው ዳሌ ነው። የእጅ ሥራ መልቀቅና መቀበል ብቻ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚህ ይመለሳሉ።

የኬትልቤል ጀግሊንግ በትክክል ምንድን ነው?

ሦስት ኳስ እያፈራረቁ ከመወርወር ጋር ስሙን እንጂ አሠራሩን አይጋራም። አብዛኛውን ጊዜ የምትይዙት አንድ ኬትልቤል ነው። ስዊንግ ትሠራላችሁ። ኬትልቤሉ መውጣቱን ሊጨርስ ሲል ትለቁታላችሁ። አየር ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ እጀታው ወደ እናንተ ሲመለስ ትቀልቡትና ሳታቆሙ ወደ ቀጣዩ ስዊንግ ትገባላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዚሁ ዝርያ ነው፦ በጎን ማሽከርከር፣ በእግር ሥር ማሳለፍ፣ ከጀርባ ወርውሮ ከፊት መቅለብ፣ ከጓደኛ ጋር መቀባበል።

ከየት መጣ?

ከሩሲያ። እዚያ ኬትልቤል ጊሪያ ይባላል፤ ቀድሞ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ የንግድ መመዘኛ ነበር። የድሮው መለኪያ ፑድ ነው፤ አንድ ፑድ 16.38 ኪሎ ግራም ያህላል። ዛሬም በየጂሙ 16፣ 24 እና 32 ኪሎ የሚበዛው ለዚህ ነው። አንድ፣ አንድ ተኩል እና ሁለት ፑድ ገደማ መሆናቸው ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቭላዲስላቭ ክራዬቭስኪ በሴንት ፒተርስበርግ የክብደት ስፖርት ወዳጆችን ማሰባሰብ ጀመረ፤ ሩሲያውያን የክብደት ስፖርታቸውን ልደት የሚቆጥሩት ከዚያ ነው።

መወርወሩንና መቅለቡን ያሳደጉት ግን የሰርከስ ጉልበተኞች ናቸው። ከነሱ መካከል ቫለንቲን ዲኩልን መጥቀስ እወዳለሁ። በወጣትነቱ የአየር ላይ ትርኢት ሲያሳይ ወድቆ ጀርባው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ለዓመታት ራሱን አሠልጥኖ ወደ ሰርከስ ሲመለስ ብረት እየወረወረ የሚቀልብ ጉልበተኛ ሆኖ ነው የመጣው።

በሰዓት የሚካሄደው የኬትልቤል ውድድር ሌላ ዘርፍ ነው። ስለሱ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ለመጀመር ምን ምን መቻል አለብኝ?

የሁለት እጅ ስዊንግ፣ የአንድ እጅ ስዊንግ እና ከእጅ ወደ እጅ የሚቀያየር ስዊንግ። እነዚህ ሦስቱ ሳይጠሩ ወደ ፍሊፕ (ኬትልቤሉን አየር ላይ ገልብጦ መቅለብ) መሄድ ችኮላ ነው። ክሊን (ከስዊንግ ደረት ላይ ማሳረፍ) እና ስናች (ከስዊንግ በአንድ እንቅስቃሴ ከራስ በላይ ማድረስ) ቢጨመሩ ደግሞ እሰየው፤ ኬትልቤሉ በእጅ ዙሪያ እንዴት እንደሚዞር ያስተምራሉ።

ስዊንጋችሁ ጠርቷል የምለው መቼ ነው? ወደ ኋላ ሲገባ ዳሌ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፣ ወገብ አይጎብጥም። ኬትልቤሉ በታፋችሁ መሀል ከጉልበት በላይ ያልፋል። ሲወጣ መቀመጫችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ቀጥ ትላላችሁ፤ ክንድ ገመድ ነው፣ አያነሳም። ኬትልቤሉ በራሱ እስከ ደረት ይወጣል።

ጥሩ መፈተሻ አለ። ስዊንግ እየሠራችሁ ኬትልቤሉ ደረት ጋ ሲደርስ ጣቶቻችሁን ለቅጽበት ክፈቱና መልሳችሁ ዝጉ። ኬትልቤሉ እጃችሁ ፊት ለፊት ተንሳፍፎ ከጠበቃችሁ ዳሌያችሁ ሥራውን ሠርቷል። ወዲያው ወደ ታች ከሄደ በክንዳችሁ እያነሳችሁት ነበር። ወደ ስዊንግ ተመለሱ።

በስንት ኪሎ ልጀምር?

ለወንድ 12 ወይም 16፣ ለሴት 8 ወይም 10 ኪሎ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በ24 ኪሎ በምቾት ስዊንግ የሚሠራ ሰው ለመጀመሪያ ፍሊፕ 16ቱ ደህና ይሆነዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን በጣም የቀለለውን በመምረጥ ነው። 4 ኪሎ አስተማማኝ ይመስላል። ችግሩ በክንድ ብቻ ሊወረወር መቻሉ ነው፤ ዳሌ አርፎ ይቀመጣል። ደግሞም ቀላል ኬትልቤል በትንሽ የእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እጀታው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መካከለኛ ክብደት ያለው በዝግታ ስለሚዞር ዓይን ይከተለዋል። ከባዱ ደግሞ የስዊንግ ስህተትን አይሸፍንም፤ ግን ስትስቱት ዋጋው ይበዛል። ስለዚህ መሀሉን ያዙ።

የትኛውን ዓይነት ኬትልቤል ልግዛ?

ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያው ቀልጦ ከተፈሰሰ ብረት የሚሠራው ተራው ነው፤ ክብደቱ ሲጨምር መጠኑም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛው የውድድር ኬትልቤል ነው። ከአረብ ብረት የተሠራ ሆኖ 8 ኪሎውም 32 ኪሎውም አንድ መጠን አላቸው። የእጀታው ውፍረት 33 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለዩት በቀለም ነው፤ 16 ቢጫ፣ 24 አረንጓዴ፣ 32 ቀይ።

ለጀግሊንግ ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ የውድድሩን እመርጣለሁ። ክብደት ስትጨምሩ እጀታው ያው ርቀት ላይ ስለሚጠብቃችሁ የለመዳችሁት የመቅለቢያ ስሜት አይበላሽም። ባለ ሁለት እጅ ፍሊፕ ለመጀመር ግን የተራው እጀታ ሰፋ ስለሚል ይመቻል።

በፕላስቲክ ተሸፍኖ ውስጡ ሲሚንቶ የተሞላውን ተዉት፤ መሬት ሲመታ ይሰነጠቃል። ክብደቱ በብሎን የሚጨመርና የሚቀነሰውን በጭራሽ እንዳትወረውሩት። እጀታውን ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት በመዳፋችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። የውስጥ ጎኑ ላይ የቀረ ሹል የብረት መስመር ካለ እጃችሁን ይልጠዋል።

የት ነው የምለማመደው?

ሣር ላይ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ወይም አሸዋ ላይ። ኬትልቤሉ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ወለሉ መውደቁን የሚችል ይሁን። ሲሚንቶ ላይ ይነጥራል፣ ይንከባለላል፣ እግር ያሳድዳል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ያለው ጂምም ይሆናል፤ ባለቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቁልቁለት መሬት አትምረጡ። በዙሪያችሁ ቢያንስ ሦስት አራት ሜትር ማንም አይቁም፤ በተለይ ፊት ለፊታችሁ። ሕፃን ወይም ውሻ ካለ ያ ቀን የጀግሊንግ ቀን አይደለም።

ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ጫማ ጠፍጣፋ ሶል ያለው ይሁን።

ቢወድቅብኝስ?

ይውደቅ! ከሁሉ ቀድሞ መለማመድ ያለባችሁ ይህንኑ ነው። ፍሊፕ ከመሞከራችሁ በፊት ኬትልቤሉን ሆን ብላችሁ ጣሉት። ስዊንግ ሥሩ፣ ደረት ጋ ሲደርስ ልቀቁት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ሲወድቅ ተመልከቱት። ደጋግሙት። እግራችሁ ሳታስቡት መሸሽ እስኪለምድ ድረስ ደጋግሙት።

የጉዳት መንስኤው ብዙ ጊዜ መውደቁ ራሱ ሳይሆን ለማዳን መሞከሩ ነው። እጅ ዘግይቶ ይዘረጋል፣ ጣት በእጀታውና በኳሱ መሀል ይያዛል፣ ወይም ሰውየው ወገቡን አጎንብሶ ከጉልበቱ በታች ሊቀልበው ይሞክራል። ደንቡ አጭር ነው፦ እጀታው በጠበቃችሁት ቦታ ካልመጣ እጃችሁን ሰብስባችሁ ሽሹ። "ልይዘው እችል ይሆን?" ብላችሁ ካሰባችሁ ጊዜው አልፏል።

የመጀመሪያውን ፍሊፕ እንዴት ልሥራ?

በሁለት እጅ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ተራ ስዊንግ ሠርታችሁ ሪትሙን ያዙ።

አሁን ኬትልቤሉ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ አስተውሉ። በስዊንግ አናት ላይ ኳሱ ከፊት ነው፣ እጀታው ወደ እናንተ ነው። ክንዳችሁ ከታች ወደ ላይ ሲዞር ኬትልቤሉም አብሮት እየዞረ ነው የመጣው። ስለዚህ ስትለቁት ያንኑ ዙረት ይቀጥላል። ኳሱ ሽቅብ ወጥቶ ወደ ደረታችሁ አቅጣጫ ይመጣል፤ እጀታው በሥር በኩል ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ ኳሱ ቁልቁል ሲዞር እጀታው ከወዲያ ማዶ በላይ በኩል ተመልሶ እጃችሁ ሥር ይገባል።

እናንተ የምትጨምሩት ነገር ጥቂት ነው። ኬትልቤሉ ከእምብርት አልፎ ወደ ደረት ሲቃረብ እጃችሁ እጀታውን ለቅጽበት ገታ ያደርገዋል። እጀታው ሲገታ ኳሱ በያዘው ፍጥነት ይቀጥላልና ዙረቱ ያድጋል። ያኔ ጣት ይከፈታል። አንጓችሁን አትጠምዝዙ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አትወርውሩ። የለቀቃችሁበት ቦታ ላይ፣ መዳፍ ወደ ታች እንደሆነ፣ እጃችሁ ይጠብቅ።

በግማሽ ዙረቱ ላይ ኳሱ ወደ እናንተ ይዞራል። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ይህች ቅጽበት ናት። ደንግጦ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ርቀቱ ይበላሽና የእውነት መቅለቡን ይስታል። ኳሱ ላይ አታፍጡ፤ ዓይናችሁ እጀታውን ይፈልግ።

ሲደርስ በጣቶቻችሁ ጠለፍ አድርጉት። መዳፍ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መጨበጥ አያስፈልግም። ከዚያ አትቸኩሉ! ብዙ ሰው ገና ሲይዘው ወዲያው ያጎነብሳል፤ ክብደቱ በሙሉ ወገቡ ላይ ይወርዳል። ቀጥ ብላችሁ ቆዩ፣ ክንዳችሁ ብቻ ከኬትልቤሉ ጋር ይውረድ። የላይኛው ክንዳችሁ ጎድናችሁን ሲነካ ያኔ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ግፉ።

አንድ ፍሊፕ፣ ሁለት ተራ ስዊንግ፣ እንደገና አንድ ፍሊፕ። በዚህ አኳኋን ቆዩ። ሲገራላችሁ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በቀኝ ወርውሮ በግራ መቅለብ።

ኬትልቤሉ ወደ ፊት ይርቅብኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ፊቴ ይመጣል። ለምን?

የመልቀቂያ ሰዓት ጉዳይ ነው። ክንዳችሁ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ከለቀቃችሁ ኬትልቤሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ክንዳችሁ ከደረት በላይ ካለፈ በኋላ ከለቀቃችሁ ወደ እናንተ ይመለሳል። ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሊሆን ሲል ልቀቁ፤ ክርን በጥቂቱ ታጠፍ ማለቱ ይረዳል።

ኳሱ ክንዴን ይመታኛል።

ከመጠን በላይ ዞሮ ነው። አንጓችሁ ሥራ ገብቷል ማለት ነው። ዙረቱን ቀንሱ፣ ከፍታውን ግን አትቀንሱ። ትንሽ ቁስል ያለበት ክንድ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ለማንም አይጠቅም፤ ያን ቀን ወደ ሌላ ሥራ ዙሩ።

ከፍሊፕ በኋላ በምን ቅደም ተከተል ልማር?

ቀጥሎ የምወደው በጎን ማሽከርከር ነው። እጀታው ከመሬት ጋር ትይዩ እንደሆነ ኬትልቤሉ ክብ ይዞራል። በአውራ ጣት በኩል በመጠኑ ገፋ፣ በቀረው ጣት ሳብ ታደርጉታላችሁ። እጀታው ከፍና ዝቅ ስለማይል ለመቅለብ እንዲያውም ይቀላል። መጀመሪያ ግማሽ ዙር በሌላ እጅ መቀበል፣ ከዚያ ሙሉ ዙር።

ከዚያ በእግር ሥር ማሳለፍ ይመጣል። እዚህ ላይ ክብደት ቀንሱ፤ ኬትልቤሉ በአንድ ታፋ ውጭ በኩል ስለሚያልፍ ወገብ ይጠመዘዛል። ከጀርባ መወርወር ገና ቆይቶ ነው። እጀታው የማይታይበት ጊዜ ስላለ የመልቀቂያ ሰዓታችሁ ዓይን ሳያግዘው የተስተካከለ መሆን አለበት።

ኬትልቤሉን ገልብጦ ኳሱን በመዳፍ መቀበልም አለ። ያምራል። ግን ጣት በደንብ ካልተዘረጋና መዳፍ አብሮ ካልወረደ አንጓ ይጎዳል፤ በ8 ኪሎ ተማሩት። ሁለት ኬትልቤል በአንድ ጊዜ መገልበጥ የመጨረሻው ነው። ለዓመታት የቆዩ ሰዎች ሥራ ነው፤ አያስቸኩልም።

ጓንት ላድርግ?

አይ። ጓንት በእጀታውና በቆዳችሁ መሀል ተጨማሪ መሸብሸቢያ ይፈጥራል። የመጨበጥ ስሜትንም ይወስዳል። እጃችሁ የሚያልብ ከሆነ ጥቂት የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት (የጂም ጠመኔ) ይበቃል። ብዙ ካደረጋችሁ እጀታው ይሻክርና ለጀግሊንግ አይመችም፤ መንሸራተት ባለበት ቦታ መንሸራተት አለበት።

እጄ እየተላጠ ነው። ምን ላድርግ?

መዳፋችሁን ገልብጡና ጣቶች ከመዳፍ የሚነሱበትን ቦታ እዩት። ጣት ሲታጠፍ ቆዳው እዚያ ይሸበሸባል። እጀታው መዳፍ መሀል ከተያዘ በየስዊንጉ ያችን ሽብሽብ ይቆነጥጣታል። ቆዳው ይደድራል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ አንድ ቀን ስናች ላይ ጠርዙ ተይዞ ይገነጠላል። መፍትሔው አያያዝ ነው፦ እጀታው በጣቶቹ ላይ ይንጠልጠል፣ መዳፍ ውስጥ አይቀበር።

የደደረውን ቆዳ ከገላ መታጠብ በኋላ፣ ለስላሳ ሳለ፣ በሞረድ አስተካክሉት። አታጥፉት፤ ከዙሪያው ጋር እኩል ይሁን እንጂ ይኑር። ማታ ቅባት ቀቡት። ውሃ የቋጠረ ካለ ለጥቂት ቀን ፕሬስ (ክብደትን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) እና ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሥሩ። ከተገነጠለ ቆዳ ጋር ማንም ጥሩ አይቀልብም።

ጀግሊንግ ምን ይጠቅመኛል? ጡንቻ ያወጣል?

ለጡንቻ መጠን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከባድ ፕሬስና ስኳት ይሻላችኋል። ጀግሊንግ የሚሰጠው ሌላ ነው። ጣት ይከፈታል ይዘጋል፣ በየጊዜው በድንገት ክብደት ይቀበላል፤ የመጨበጥ አቅም በዚህ ይጎለብታል። በጎን የሚመጣ ክብደት የወገብ ዙሪያ ጡንቻዎችን መግታትና መልቀቅ ያስተምራል። ዓይንና እጅ ይናበባሉ። ልብም ይመታል፤ አሥር ደቂቃ ሳይታወቃችሁ ያልፋል። እኔ ከሁሉ የምወድለት አእምሮን ስለሚሰበስብ ነው። አየር ላይ 16 ኪሎ ብረት እየዞረ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም።

"ከፍ ያለ ልምምድ" የሚባለው ምን ምንን ይይዛል?

ሰው ሁሉ የራሱ ዝርዝር አለው። ለእኔ መጀመሪያ የሚመጣው በሁለት ኬትልቤል መሥራት ነው። ሁለት 16 ኪሎ ከአንድ 32 ጋር በቁጥር እኩል ነው፤ በሰውነት ላይ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። በድርብ ክሊን ሁለቱም በታፋ መሀል ስለሚያልፉ አቋቋም ይሰፋል። ደረት ላይ ሲያርፉ ትንፋሽ ይጫናሉ። ያንን ተሸክሞ በረጋ መንፈስ መተንፈስ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ክርን ከጎን ተጠግቶ፣ ቢቻል የዳሌ አጥንት ላይ ተደግፎ፣ አንጓ ቀጥ ብሎ ይቆያል።

ስናች ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው ክንዱን እያስመታ ለወራት ይታገላል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ኬትልቤሉ በእጅ ላይ እስኪገለበጥ ይጠብቃል። እናንተ ቅደሙት። ኬትልቤሉ ግንባር ጋ ሲደርስ ጣት ላላ ይበልና እጅ በእጀታው ውስጥ ሽቅብ ይግባ። ኳሱ ያኔ በክንድ ዙሪያ ተንከባሎ በዝግታ ያርፋል። ጀግሊንግ የለመደ ሰው ይህ በቶሎ ይገባዋል፤ የመልቀቂያ ሰዓትን ያውቃልና።

ተርኪሽ ጌት አፕን ማንም እንዳይዘለው። መሬት ላይ ተኝቶ ክብደት ይዞ መነሳትና መልሶ መተኛት ነው። በዝግታ የሚሠራ ስለሆነ ትከሻችሁ የት እንደሚደክም ያሳያችኋል። ኳሱን ወደ ላይ ገልብጦ የሚሠራ ፕሬስም እንደዚሁ ነው፤ ጭበጣ ካላላ ኬትልቤሉ ወዲያው ይወድቃል። ዊንድሚልን (ኬትልቤል በአንድ ክንድ ከራስ በላይ ይዞ ወደ ጎን ማጎንበስ) የታፋችሁ ጡንቻና ትከሻችሁ ከፈቀዱላችሁ ጨምሩት።

100 ስናች በ5 ደቂቃ የሚባለው ፈተና ምንድን ነው?

ከታወቁ የኬትልቤል አሰልጣኝነት ፈተናዎች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ለወንድ 24 ኪሎ፣ ለሴት 16 ኪሎ ነው፤ እንደ ዕድሜና እንደ ሰውነት ክብደት ይቀነሳል። በደቂቃ 20 መሆኑ ነው። እጅ መቀየር እንደ ልብ ነው።

ሰው የሚወድቀው በሳንባ ብቻ አይደለም፤ ጭበጣ ቀድሞ ያልቅበታል። ስለዚህ አወራረዱን አሻሽሉ። ኬትልቤሉ ሲወርድ ከሰውነታችሁ ጋር ተጠግቶ ይውረድ፣ ሰውነት ትንሽ ወደ ኋላ ይበል፣ ጣት ከኳሱ መውደቅ ጋር አይታገል። በየደቂቃው 10 ስናች ሠርቶ ቀሪውን ማረፍ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ደህና መንገድ ነው።

በሰዓት የሚካሄደው ውድድርስ?

በሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር በ1948 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። ይፋዊው ሻምፒዮና ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. በሊፔትስክ ከተማ። በተለመደው ሥርዓት ሰዓቱ 10 ደቂቃ ነው፤ ኬትልቤሉን መሬት ካስቀመጣችሁ ሙከራው አለቀ። አንዱ ዘርፍ ጀርክን (በእግር ግፊት ከደረት ወደ ራስ በላይ ማስፈንጠር) እና ስናችን ያጣምራል፤ ሌላው ሎንግ ሳይክል ነው፣ በየድግግሞሹ ክሊንም ጀርክም ያለበት። በስናች እጅ መቀየር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ነው።

አሠራሩ ከጂም ስናች ይለያል። ተወዳዳሪው ጉልበት ይቆጥባል፤ ደረት ላይ ሲያሳርፍ ያርፋል፣ ከራስ በላይ ሲቆልፍ ይተነፍሳል። ሁለቱን ስልት በአንድ ጊዜ አትማሩ፣ ይደበላለቃሉ።

በሳምንት እንዴት ልመድበው?

ሦስት ቀን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጀግሊንጉን ከማሟሟቂያ በኋላ፣ ከከባዱ ሥራ በፊት አድርጉት፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ማድረግን የሚመርጡ አሉ፣ አልስማማም። የደከመ ጣት ዘግይቶ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ከባድ የጉልበት ሥራ ጨምሩ፦ አንድ ቀን ድርብ ክሊንና ፕሬስ፣ አንድ ቀን ስኳትና ጌት አፕ፣ አንድ ቀን ስናች። መቅለብ መሳት ሲደጋገም ሰዓቱ ባይደርስም አቁሙ።

ወገቤን ያመኛል። መሥራት እችላለሁ?

ሐኪም ሳያያችሁ አይሆንም። ከስዊንግ በኋላ ብቻ የሚመጣ ድካምና በእግር የሚወርድ ሕመም አንድ አይደሉም። ለእርጉዞች፣ ቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውና የትከሻ መውለቅ ላለባቸው ጀግሊንግ ይቆይ።

ከጓደኛ ጋር መቀባበል መቼ ልጀምር?

ሁለታችሁም ለብቻችሁ ፍሊፑን በሁለቱም እጅ ያለ ስጋት ስትሠሩ። ያለ ፍሊፕ ጀምሩ። ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ርቀት ላይ ፊት ለፊት ቁሙ። ወርዋሪው ሁለት ስዊንግ ይሠራል፣ በሦስተኛው ይለቃል። ኬትልቤሉ እጀታው ወደ ተቀባዩ ዞሮ ደረቱ ጋ እንዲደርስ አንድ ግማሽ ዙር በጎን ያስፈልገዋል። ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ "ና" ይላል። ካላለ ወርዋሪው አይለቅም፤ ስዊንጉን ይቀጥላል። ሲስት ሁለታችሁም ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፤ አንዱ ወደ ፊት ዘሎ ለማዳን እንዳይሞክር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሦስተኛ ሰው ከጨመራችሁ ማን ለማን እንደሚወረውር በስም ይጠራ።